በብስክሌት እስከ ወንዙ ማዶ



ባለፈው ወር በዚሁ ገጽ ላይ ልጆች የዕረፍት ቀናቸውን እንዴት ቢያሳልፉ ይሻላል የሚለውን ጉዳይ አንስተን ነበር። «መዝናናት ገንዘብ ይጠይቃል፤ የእኛ ደመወዝ ደግሞ ከወር ወር አያደርስም» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔም የምኖረው በመምህር ደመወዝ ነው። ስለዚህ ዛሬ ለሻይና ለቁርስ ካወጣናት ጥቂት ብር በቀር ምንም ስላልከፈልንበት አንድ የቅዳሜ ጉዞ ላጫውታችሁ። ከአሶሳ ተነስተን ገጠሩን በብስክሌት ዞርን፣ በየደረስንበት የአገሩን ምግብ በላን፣ ማታ በሰላም ቤታችን ገባን። ጉዞውን ያሰብኩት ለልጆቼ መዝናኛ ብዬ ነበር። ተምሬ የተመለስኩት ግን እኔ ነኝ፤ የተማርኩትንም ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ።

አሶሳን ላላያችኋት ጥቂት ልበል። ከተማችን ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኝ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ዋና ከተማ ናት። ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,500 ሜትር ስለሚበልጥ ብዙ ሰው እንደሚገምተው ሐሩር አይደለችም። ክረምቷ ረጅም ነው፤ ዝናቡ በሚያዝያና በግንቦት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ለብስክሌት የሚመቸው ከጥቅምት ማለቂያ እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ነው። ጭቃው ደርቋል፣ ሣሩ ገና አልደረቀም፣ ማሽላው እንደቆመ ነው፣ የበጋው ሙቀትም አልመጣም። በየካቲትና በመጋቢት ፀሐዩ ስለሚበረታ ልጅ ይዞ ለመውጣት አይመከርም።

የሸህ ሆጀሌ አልሐሰንን ስም ሳላነሳ ከከተማው ብወጣ ይቅር የሚለኝ የአሶሳ ሰው የለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ የአሶሳ ገዥ የነበሩት እሳቸው ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ «ሸጎሌ» የምንለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከእሳቸው ስም ነው። «ቤኒሻንጉል» የሚለው ስም ደግሞ ከ«ቤላ ሻንጉል» እንደመጣ ይነገራል፤ «ቤላ» በበርታ ቋንቋ ድንጋይ ማለት ነው። ይህን ለልጆቼ ስነግራቸው ወንዱ ልጄ፣ «አቢ፣ እኛ ግን በርታኛ አንችልም» አለኝ። አሶሳ ተወልዶ አሥራ ሦስት ዓመት ሆኖታል። መልስ አልነበረኝም።

ብስክሌቶቻችን

ሦስት ብስክሌት ይዘን ወጣን። አንዷ ከተማሪነቴ ጀምሮ የነዳኋት አሮጌ ፊኒክስ ናት። ሁለቱን ለልጆች ከጎረቤት ተዋስን። ብስክሌት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ ከሯጮቹ ጋር እነ ገረመው ደምቦባን የመሳሰሉ ብስክሌተኞች ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ፅጋቡ ግርማይ በታላቁ የፈረንሳይ የብስክሌት ውድድር የተካፈለ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። እንደ ባሕር ዳር ባሉ ከተሞችም ብስክሌት የሠራተኛውና የተማሪው ፈረስ ሆኖ ኖሯል።

የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጄ አብራን እንደምትሄድ ሲሰማ አንድ ጎረቤታችን፣ «ሴት ልጅ ደግሞ በብስክሌት!» ብለው ነበር። ባለቤቴ ፈገግ ብላ፣ «ከእኔ ጋር በእግር ገበያ ስትሄድ ማንም ምንም አይላትም፤ ከአባቷ ጋር በጎማ ብትሄድ ምን አለበት?» አለቻቸውና ነገሩ በሳቅ አለቀ። ለሴት ልጆች ወላጆች የምመክረው አንድ ነገር አለ፦ ከረጅሙ ቀሚስ ሥር ሱሪ ይልበሱ፤ የቀሚሱንም ጫፍ ወደ ጎን ሰብሰብ አድርጋችሁ እሰሩላቸው። ቀሚስ ሰንሰለቱ ውስጥ ከገባ ጨርቁም ልጅቷም ይጎዳሉ።

የመጀመሪያው ማረፊያ፦ የሱዳን ሻይ

የፈጅርን ሶላት ሰግደን ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ተነሳን። ከከተማው ጫፍ፣ ወደ ባምባሲ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንዲት ሱዳናዊት ሴት በከሰል ምድጃ ሻይ ታፈላለች። በሱዳን ጦርነቱ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ከተነሳ ወዲህ በኩርሙክ በኩል ብዙ ሕዝብ ወደ ክልላችን ገብቷል። ከመጡት መካከል እጃቸውን አጣጥፈው ከመቀመጥ ይህን ሥራ የመረጡ እናቶች አሉ። ሻያቸው በቅመም የታሸ፣ ስኳሩ የበዛ ነው። አብሮት ለጊማት የሚሉትን፣ በዘይት የተጠበሰ ትንሽ የሊጥ ድብልብል ያቀርባሉ። አንድ ሳህን ለሦስት በላን።

ሴትዮዋ በዐረብኛ ወዴት እንደምንሄድ ጠየቁኝ። መድረሳ የቀሰምኩት ዐረብኛ ከገበያው ዐረብኛ ጋር እየተጋጨብኝ «ለሽርሽር» አልኳቸው። «ቤት ያለው ሰው ለደስታው ይሄዳል፤ አልሐምዱሊላህ በሉ» አሉና ለሴት ልጄ አንዲት ለጊማት ጨመሩላት። ልጆቼ ያንን ቃል እስከ ዛሬ ያነሱታል።

ሁለተኛው ማረፊያ፦ የእናቴ ቤት

ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል በአስፋልት ከሄድን በኋላ ወደ ጥርጊያ መንገድ ታጠፍን። ግራና ቀኙ ማሽላና በቆሎ ነው። አልፎ አልፎ የቀርቀሃ ጫካ ይታያል። የእኛ አገር የቆላ ቀርቀሃ እንደ ደጋው ውስጡ ባዶ አይደለም፤ ግንዱ ድፍን ወይም ለድፍን የቀረበ ስለሆነ ለቤት ማገርና ለአጥር ይመረጣል። ልጆቹ ጥላውን ሲያዩ ብስክሌቱን ጥለው ገቡበት።

ሁለት ኪሎ ሜትር ገባ ብሎ ያደግሁበት መንደር አለ። በአሶሳ ዙሪያ የመንደሮቻችን ስም ከነቁጥሩ ነው፦ አምባ 14፣ መገሌ 32፣ ሰልጋ 22 እያለ ይሄዳል። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ከወሎና ከሌላውም አካባቢ የመጡ ሰፋሪዎች በቁጥር ነበር የተደለደሉት። ቁጥሩ ሳይነሳ ስም ሆኖ ቀረ። ወላጆቼም ከእነዚያ መካከል ነበሩ። እኔ እዚሁ ተወልጄ፣ ጧት በመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት በኋላ በመድረሳ ተምሬ አደግሁ።

እናቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። የማሽላ ቂጣ ጋግራ፣ ከነቅርፊቱ የተቀቀለ ለውዝ በሰፌድ አቅርባ፣ ቡናውን ጥዳ ነበር። አቦሉ ተጠጥቶ እኔ «እንሂድ» ስል፣ «በረካው ሳይደርስ ከዚህ ቤት የሚነሳ ማነው!» ብላ አስቀመጠችኝ። በግቢው ያሉት የአባቴ የማንጎ ዛፎች ቅጠላቸው ላይ ነጭ ነጠብጣብ አለባቸው። በ2002 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በምሥራቅ ወለጋ የታየው ነጭ ተባይ ወደ እኛም ደርሶ ማንጎአችንን ጎድቶታል። አባቴ በሕይወት ሳለ በሚያዝያና በግንቦት ማንጎ ለቃሚ አጥቶ ይወድቅ ነበር። ዛሬ እናቴ ፍሬውን ቆጥራ ታውቀዋለች።

ለልጆቹ የመጀመሪያውን ክረምት አወራቻቸው። «ስንመጣ የምናውቀው እህል የለም፤ ያለው ደግሞ አልደረሰም። ከወንዙ ማዶ አንዲት የበርታ ሴት መጣች። ቋንቋ አንግባባም። ከመሬት ብቅ ያለ የቀርቀሃ ቡቃያ ይዛለች። እንዴት እንደሚላጥ፣ እንዴት እንደሚቀቀል በእጇ አሳየችኝ። ከዚያ ወዲያ ባሚያውን አስተማረችኝ፤ እኔ ደግሞ በርበሬ ማዘጋጀት አሳየኋት። እንዲህ ስንዋስ ኖርን። በመሬት ነገር ወንዶቹ የተጣሉበት ዘመንም ነበር፤ እኛ ግን ጨው መዋሳችንን አልተውንም» አለች።

ከዚያም በፌስታል የተቋጠረ በርበሬ ሰጠችኝ። «ማዶ ስትሻገሩ ለእህቴ ስጡልኝ» አለች።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ወንዙን የመሻገር ሐሳብ አልነበረኝም። በሰኔ 2010 ዓ.ም. በአሶሳ ከተማ የሰው ሕይወት የጠፋበት ግጭት ከተነሳ ወዲህ ወደ ማዶ መንደር ሄጄ አላውቅም ነበር። ማንም አልከለከለኝም፤ ማንም አልበደለኝም። ዛሬ ነገ ስል ዓመታት አለፉ። እናቴ ግን በየሳምንቱ ትሻገር ኖሯል። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የሚለውን ተረት ለተማሪዎቼ የማስረዳው እኔ ነኝ፤ የምትኖርበት እሷ ናት።

ወንዙ

ከመንደሩ ወደ ማዶ ሦስት ኪሎ ሜትር ይሆናል። መሐል ላይ ወንዝ አለ። በጥቅምት መጨረሻ ውኃው ለእኔ እስከ ጉልበት፣ ለሴት ልጄ እስከ ወገብ ደረሰ። ድንጋዩ ያንሸራትታል። ብስክሌቶቹን አንድ በአንድ ተሸክሜ፣ ልጄን በጀርባዬ አዝዬ አሻገርኩ። አራት ጊዜ ተመላልሼ ስጨርስ ትንፋሼ አልቆ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ልጄ፣ «አቢ፣ የወንዙ ስም ማነው?» አለችኝ።

የማስተምረው ጂኦግራፊ ነው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ በዚሁ በክልላችን በጉባ እንደሚገኝ፣ ዋናው ግድብ 145 ሜትር ከፍታ እንዳለው፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ እንደሚይዝ በቃሌ አውቃለሁ፤ ተማሪዎቼንም አስጠናለሁ። ልጅ ሆኜ እዋኝበት የነበረውን የዚህን ወንዝ ስም ግን አላውቀውም። በልጅነታችን «ወንዙ» ነበር የምንለው።

ወደ መንደሩ ልንደርስ ስንል የፊኒክሷ የኋላ ጎማ ተነፈሰ። መንፊያ ይዘናል፤ ማስቲሹን ግን ቤት ረስቼዋለሁ። እየገፋን ስንሄድ ሁለት ጀሪካን ውኃ የያዘ ልጅ ከፊታችን መጣ። አየኝና ደነገጠ። ጀሪካኖቹን አስቀምጦ፣ «ቲቸር!» አለ።

ተማሪዬ ነበር፤ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ልጅ እንዴት እንደማውቀው መናገር ይቸግረኛል። ትምህርት የሚጀመረው በሁለት ሰዓት ነው። እሱ ከመስከረም ጀምሮ በሳምንት ሦስት ቀን ያረፍዳል። የመጀመሪያ ሰሞን ተቆጣሁት። ቀጥሎ ከክፍል ውጭ አቆምኩት። በኋላም «ወላጅ ሳታመጣ እንዳትገባ» ብዬ ሦስት ቀን ከለከልኩት። ከሦስቱ ቀን በአንደኛው ከአሥር የሚታረም ፈተና ሰጥቼ ነበር፤ ዜሮ አገኘ። ወላጅም አላመጣም። «ግድ የለሽ ነው» ብዬ ደመደምኩ።

ሦስተኛው ማረፊያ፦ ገንፎና ባሚያ

ልጁ ቂም የያዘ አይመስልም። ጀሪካኖቹን ከብስክሌቷ ኋላ ጭኖ እየገፋ ወደ ቤታቸው ወሰደን። ቤቱ ክብ ነው፤ ግድግዳው ቀርቀሃ፣ ክዳኑ ሣር። እናቱ በዐረብኛ ሰላምታ ተቀበሉን። ልጁ በበርታኛ አንድ ቃል ሲነግራቸው ፊታቸው በራ፤ «ኡስታዝ! የልጄ ኡስታዝ!» አሉ። በሱዳን ዐረብኛ አስተማሪን ሁሉ ኡስታዝ ይሉታል። እኔ ግን ያን ሰዓት ቃሉ ከበደኝ። አባትየው ወርቅ ወደሚታጠብበት በረሃ ከሄዱ ወር አልፏቸዋል። «ወላጅ አምጣ» ያልኩት ልጅ የሚያመጣው አባት አጠገቡ አልነበረም፤ እናቱም ሕፃን የታቀፉ ናቸው።

የማሽላ ገንፎ በትልቅ ሳህን መጣ። መሐሉ ላይ የባሚያ ወጥ ፈሶበታል። እዚህ ላይ ስለ ወንዱ ልጄ አንድ ነገር ልጨምር። በትምህርት ቤቱ ያሉ የከተማ ልጆች ባሚያን «ንፍጥ» እያሉ በገጠር ልጆች ይስቃሉ፤ እሱም አብሮ ሲስቅ ሰምቼ ገሥጬው አውቃለሁ። አሁን ሳህኑ ፊት ተቀምጦ እጁን አጥፏል። ባሚያው እንደ ክር ይሳባል። ተማሪዬ ይህን አይቶ አልተቀየመም። ገንፎውን ከዳር ቆርሶ፣ ወጡን ነክቶ፣ ጣቱን ዞር አድርጎ ክሩን እንዴት እንደሚቆርጥ አሳየው። ልጄ ሞከረ፤ አገጩ ላይ ተዝረከረከ፤ ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ በኋላ ማስቆም ያስቸገረን እሱን ነበር።

እየበላን ሳለ የሰባት ዓመት የምትሆን ታናሽ እህቱ አጠገቤ መጥታ፣ የልጄን እርጥብ ቀሚስ እያየች በአማርኛ፣ «እኔ ወንዙ አይነካኝም። ወንድሜ አዝሎኝ ነው የሚሻገረው» አለችኝ።

«የት ስትሄዱ?» አልኳት።

«ትምህርት ቤት ነዋ!»

ነገሩ ይህ ነበር። ልጅቷ የምትማረው ከወንዙ ወዲህ፣ እኔ በተማርኩበት በእናቴ መንደር ትምህርት ቤት ነው። ክረምት ሲወጣ ወንዙ ሙሉ ስለሚሆን ብቻዋን መሻገር አትችልም። ወንድሟ ጎሕ ሳይቀድ ተነስቶ ውኃ ይቀዳል፤ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እሷን ይዞ ይወጣል፤ አዝሎ ያሻግራታል፤ በእሷ እርምጃ እየተራመደ ትምህርት ቤቷ ያደርሳታል፤ ከዚያ ስምንቱን ኪሎ ሜትር እየሮጠ ወደ እኔ ይመጣል። ውኃው ሲሞላ እስኪጎድል ይጠብቃሉ። ያረፈደባቸው ቀናት ሌሊት ዝናብ የጣለባቸው ነበሩ።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

አቀርቅሮ፣ «ልጆቹ ይስቁብኛል ብዬ ነው። ትልቅ ልጅ ሴት ልጅ አዝሎ ይሄዳል ይሉኛል» አለ።

እኔስ? ስንት ጊዜ «ለምን አረፈድክ?» ብዬዋለሁ። ግን እሱ ጥያቄ አልነበረም፤ ቁጣ ነበር። መልሱን ለመስማት አንድ ደቂቃ ቆሜ አላውቅም። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይባላል። ደግሞም ወጊው ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር። ያንን መንገድ በልጅነቴ በባዶ እግሬ የሄድኩበት እኔ ነኝ። ከተማ ገብቼ ባጃጅ መሳፈር ስጀምር ስምንት ኪሎ ሜትር ምን ያህል እንደሆነ ረሳሁት።

ወደ እናቱ ዞሬ፣ «እናቴ፣ በልጅዎ ላይ ጥፋት አጥፍቻለሁ» ብዬ ልነግራቸው ጀመርኩ። ክፍል እንዳይገባ መከልከሌን ልጁ ቤት አልተናገረም ኖሯል። እሳቸው ልጃቸውን አዩት፤ እኔን አዩኝ። ዝም ብለው ቆዩና፣ «መጀመሪያ ይብሉ ኡስታዝ። ገንፎ ከቀዘቀዘ አይሆንም» አሉ። በላሁ። ስጨርስ የነገርኳቸውን ሁሉ አዳመጡ። «ልጅ ነው፤ ይረሳዋል» አላሉኝም። «ሰኞ ይገባል?» ብለው ብቻ ጠየቁ። «ኢንሻአላህ ይገባል» አልኳቸው።

የዙህርን ሶላት በመንደሩ መስጂድ ሰገድን። መንገዳችን አጭር ስለሆነ ሶላት የሚያሳጥር መንገደኛ አይደለንም፤ አራቱን ረከዓ ሞላን። እናቴ የላከችውን በርበሬ ለባለቤቷ አደረስን። አሮጊቷ ፌስታሉን አሽተው ሳቁ፤ ለእናቴ ደግሞ ደርቆ የተፈጨ ባሚያ በጨርቅ ቋጥረው ሰጡን። ለወንዙም በቋንቋቸው ስም እንዳለው ነገሩን። ልጄ በደብተሯ ጻፈችው፤ ስትደግመው አነባበቧን እያረሙ ሦስት ጊዜ አስባሏት። ጎማዬንም የመንደሩ አንድ ወጣት በራሱ ማስቲሽ ለጥፎልኝ ዋጋ አልቀበልም አለ።

ስንመለስ ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት። «ያ ልጅ? እኔ እኮ በየጧቱ አየዋለሁ! እህቱን አድርሶ በዚህ በር ሲሮጥ ያልፋል። የማን ተማሪ ይሆን እያልኩ እመርቀዋለሁ» አለች።

ከጉዞው በኋላ

ሰኞ ተማሪዬ ፈተናውን ተፈተነ፤ ከአሥር ስምንት አገኘ። ለክፍሉም አንድ ጥያቄ አቀረብኩ፦ «ትምህርት ቤት ለመድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ የምትሄዱ እጃችሁን አውጡ።» ከሃምሳ ሦስቱ አሥራ አራት እጆች ወጡ። ከአሥራ አራቱ ዘጠኙን በማርፈድ ቀጥቼያቸው አውቃለሁ። ደወሉን የመቀየር ሥልጣን የለኝም። የራሴን የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ግን መቀየር እችላለሁ። አሁን የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት ለክለሳ አድርጌዋለሁ፤ ያረፈደም ሳይሸማቀቅ ገብቶ ይቀመጣል፤ ፈተናም በዚያ ሰዓት አልሰጥም።

ፊኒክሷን ለልጁ ላውሰው አሰብኩ። አመስግኖ ትንሽ አሰበና፣ «ወንዙን አታሻግርም፤ ከወንዙ ወዲህ ብትሆን ግን ትጠቅመኛለች» አለኝ። እንዳለውም ሆነ። ብስክሌቷ ማታ በእናቴ ግቢ ታድራለች። እሱ እህቱን አድርሶ ብስክሌቷን ያነሳና ወደ ከተማ ይመጣል። በሩጫ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚፈጅበትን መንገድ አሁን ግማሽ ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። እናቴም ልጁ ሲያልፍ የሚመረቅ ብቻ ሳይሆን ቁርስ የሚበላ ሰው አገኘች። የሚቀጥለው ክረምት ሲመጣ ወንዙ እንደገና ይሞላል፤ ብስክሌት ድልድይ አይሆንም። ያንን ጉዳይ ከሁለቱም መንደር ሽማግሌዎች ጋር መነጋገር ጀምረናል።

እንግዲህ እናንተም ለመውጣት ካሰባችሁ ጥቂት ምክር ልስጥ። ከመነሳታችሁ በፊት ስለ መንገዱ ሰላም የአካባቢውን ሰው ጠይቁ። ፍሬንና ጎማ ከዋዜማው በጎሚስታ አስፈትሹ። መንፊያ፣ ማስቲሽና ትርፍ ከመነዳሪ ያዙ፤ እንደ እኔ አትርሱ። ለአንድ ሰው ቢያንስ ሁለት ሊትር ውኃ ያስፈልጋል። ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ደርሶ መልሱ ከሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው። ብርቱዎች እስከ ባምባሲ አርባ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ነድተው፣ በሚኒባስ ጣሪያ ብስክሌታቸውን ጭነው መመለስ ይችላሉ። ምግብ ሞልታችሁ አትሂዱ፤ የሆድ ቦታ ይኑራችሁ። ባዶ እጅም አትሂዱ፤ ጥቂት ስኳር ወይም ቡና ያዙ።

ባሚያውን ቤታችሁ ለመሥራት ለምትፈልጉ እናቴ የምትሠራው እንዲህ ነው። ሽንኩርቱን በዘይት ታቁላላለች፤ ነጭ ሽንኩርትና በርበሬ ጨምራ ውኃ ታፈላለች። ሲንተከተክ ደርቆ የተፈጨውን ባሚያ በትንሽ በትንሹ እየነሰነሰች ሳትቋርጥ ታማስላለች። ሲወፍር ጨው ጨምራ ታወጣዋለች። ትኩስ ገንፎ ላይ ይበላል። ልጆች መጀመሪያ ፊታቸውን ቢያጠቁሩ አትጨነቁ፤ የእኔው አሁን በየሳምንቱ ይጠይቃል።

የመጨረሻው ምክሬ ለመምህራንና ለወላጆች ነው። ልጅ ሲያረፍድ፣ ሲያጠፋ፣ ዝም ሲል፣ ከመቅጣታችሁ በፊት አንድ ቀን በመጣበት መንገድ ሂዱበት። ብስክሌት ከሌለ በእግር ይሁን።

በሚቀጥለው ወር አላህ ካለ ስለ ልጆችና ስለ ቋንቋ እንነጋገራለን። ወንዱ ልጄ እስከዚያ ከተማሪዬ አሥር የበርታኛ ቃላት ለመማር ቃል ገብቷል። የመጀመሪያው «ቤላ» ነው፤ ሁለተኛው የወንዙ ስም።